የምሥራቼን የቀማኝ ዋይፋይ

ይህን ለመጻፍ ንዴቱ እስኪበርድልኝ ጠበቅሁ። አልበረደም። ቤት ቀይሬ፣ ሰፈር ቀይሬ እንኳ አልበረደም። ስለዚህ እንደ ትኩስነቱ አቀርብላችኋለሁ፤ ቃሌ ቢሻክርባችሁ ይቅርታ የምለው እናንተን አንባቢዎችን ብቻ ነው። ሌላ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ያኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ተከራይቼ እኖር ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አባቴ በወጣትነቱ ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ መምህር ነው፤ እናቴ የጨንቻ ልጅ፣ ጋሞ ናት። ባለቤቴ ታምራት ደግሞ የካምባ ሰው ነው። የመንገድ ሥራ ቀያሽ ስለሆነ ሳምንቱን እዚያው ካምባ በኩል ይውልና ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን እናቱ ፊት ሲደርስ አፍ የለውም።

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ጨንግፈውብኛል። በሁለቱም ጊዜ እርግዝናዬን አገር ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ሐዘኔንም አገር አወቀው። የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር "አይዞሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል" ይለኝ ነበር። ደግ ቃል ነው፤ እኔን ግን በላኝ። ሦስተኛውን ስፀንስ ለራሴ ማልኩ። አስጊው ጊዜ እስኪያልፍ ለማንም አልናገርም። ሲያልፍ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰማው ታምራት ነው፤ እሱም ብቻውን፣ እኔ በመረጥኩት ቦታ፣ እኔ በመረጥኩት ቃል። በዚህች ዓለም ላይ የራሴ የምለው ብዙ ነገር የለኝም። ይህችን ምሥራች ግን የራሴ አደረግኋት።

አሁን ወደ አከራያችን ልምጣ። ዳንኤል ይባላል፤ ግቢው በሙሉ "ወንድም ዳንኤል" ነው የሚለው። መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ቸርች ያገለግላል፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ከቤቱ ጀርባ የተደረደሩትን ክፍሎች ያከራያል። ዋይፋይ ያስገባ ዕለት እኛን ተከራዮቹን ማንጎው ሥር ሰብስቦ "የእኛ ግቢ ኢንተርኔት የታጠበ ነው፤ ቆሻሻ አያስገባም" አለን። ልጆች ያሏቸው አጨበጨቡ። በምን እንዳጠበው የጠየቀ አልነበረም፤ ወንድም ዳንኤል ይጠየቃል እንዴ?

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ቤት ስገባ ከእምብርቴ በታች ወጋኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ሳይ ትንሽ ደም አለ። ያንን ቀለም አውቀዋለሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለሐኪሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። ቀጠሮዬ ዓርብ ነው። ለእናቴ ልደውል ብዬ ቁጥሯን አውጥቼ መልሼ ተውኩት፤ ለእናቴ መንገር ለጨንቻ ገበያ መንገር ነው።

ትዝ ያለኝ የአንድ የሴቶች ክሊኒክ ድረ ገጽ ነው። ባለፉት ሁለት ጊዜያት መጽናኛዬ እሱ ነበር። ሴቶች ይጠይቃሉ፣ ሐኪሞች ይመልሳሉ፤ ስለ እርግዝና፣ ስለ መጨንገፍ፣ ስለ ወሊድ መከላከያ፣ ፅንስ ስለ ማቋረጥ፣ ስለ ማሕፀን በር ካንሰር፣ ሁሉም እዚያ አለ። ከፈትኩት። ገጹ ሊገኝ አልቻለም አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሌሎቹን ሞከርኩ። ዜናው ይከፈታል፣ የኳሱ ውጤት ይከፈታል፣ ዘፈኑም ይከፈታል። ደም እየፈሰሳት ኳስ ማየት የምትፈልግ ሴት ካለች የታጠበው ኢንተርኔት ያስተናግዳታል ማለት ነው።

ዋይፋዩን ዘጋሁና በስልኬ ዳታ ሞከርኩት። ወዲያው ከፈተ። ደሙ ጥቂት ከሆነና ሕመሙ ካልጠነከረ እረፊ፣ ከበዛ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ሆስፒታል ሂጂ ይላል። ተጋደምኩ። እየተነሳሁ ሳይ አልበዛም። ሐኪሜም አመሻሽ ላይ ደወለችና ያንኑ ደገመችልኝ። ያም ሆኖ ያ ገጽ ለምን እምቢ እንዳለኝ ማወቅ ፈለግሁ።

ሐሙስ ዕለት ሰሚራን ያዝኳት። ሰሚራ የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህርት ናት። አባቷ ገበያው አጠገብ የታወቀ ጅምላ ነጋዴ ነው፤ እሷ ሸቀጥ አልወድም ብላ ኮምፒውተር ተማረች። ምክንያቴን ሳልነግራት አንድ ገጽ በግቢያችን ዋይፋይ አልከፈት እንዳለኝና በዳታ ግን እንደሚከፈት ነገርኳት።

"ገጹ ደህና ነው። የከለከለሽ የግቢሽ ሰውዬ ነው" አለችኝ ወዲያው።

"እንዴት አድርጎ?"

"ስልክሽ አንድ ገጽ ከመክፈቱ በፊት ስሙን ይዞ 'ይሄ ቤት የት ነው?' ብሎ አድራሻ ይጠይቃል። ዲኤንኤስ የሚሉት እሱ ነው። የሚጠይቀው ደግሞ ራውተሩ፣ ያ ዋይፋዩን የሚያድለው ሣጥን፣ 'እሱን ጠይቅ' ያለውን ነው። ያ የተጠየቀው 'አላውቀውም' ካለ አለቀ፤ ቤቱ ቆሞ እያለ አትደርሺበትም።"

"ቆይ፣ ጥያቄውን ማን ይሰማል?"

ሰሚራ ሳቀች። "ገበያ መሐል ቆመሽ መንገድ እንደመጠየቅ ነው እኮ! ራውተሩን የያዘ ሰው ከፈለገ የማን ስልክ፣ መቼ፣ የትኛውን ስም እንደጠየቀ ቁጭ ብሎ ያነባል። ገብተሽ ምን እንዳነበብሽ አያይም። የማንን በር እንዳንኳኳሽ ግን ያያል።"

ሳቋ አልተጋባብኝም። ሁለቱን ልጆቼን ያጣሁባቸውን ወራት አሰብኩ። አንሶላ ተከናንቤ፣ ታምራት እንኳ እንዳይሰማኝ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ የጠየቅሁትን ሁሉ አሰብኩ። ያን ሁሉ ጊዜ በሹክሹክታ የጠየቅሁ መስሎኝ በዳንኤል ጆሮ ስጮኽ ነበር። ፊቴ ጋለ። ሰሚራም አየችኝና ሳቋን አቆመች።

"ስልክሽን አምጪ" አለች። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚለውን አወጣች፤ በራሱ እንዲመርጥ የተተወውን ቀይራ የሌላ አድራሻ መላሽ ስም ጻፈችበት። "ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄሽ ተመስጥሮ ነው የሚሄደው። ሰውዬሽ አጠገብሽ ቆሞ ቢያዳምጥም አይገባውም። ግን ተሸፈንኩ ብለሽ አትዝናኚ። አዋቂ ሰው በሌላ መንገድ አንዳንድ ነገር ሊያይ ይችላል። አዲሱ መላሽም ጥያቄሽን ይሰማል።"

"ታዲያ ምን ለወጥኩ?"

"የሚሰማሽን ሰው። ይሄኛው አያውቅሽም፤ ግቢሽ ውስጥም አይኖርም።"

ያን ዕለት ማታ በዳንኤል ዋይፋይ የክሊኒኩን ገጽ ከፈትኩት። ተከፈተ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ዓርብ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። ደሙ ቆሟል። መሣሪያውን ሆዴ ላይ አድርጋ ድምፁን ከፍ አደረገችልኝ። አንባቢዎቼ፣ ያንን የልብ ምት እንደ ሰማሁ ምን እንደሆንኩ ልጽፍ ሞክሬ ሰረዝኩት። አለቀስኩ ልበላችሁ ይበቃል። አስጊው ጊዜ ማለፉን ነገረችኝና የአልትራሳውንዱን ምስል ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ታምራት ይመጣል። ቦታውም ቃሉም በልቤ ተዘጋጅቷል። በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ ለብቻዬ ፈገግ እል ስለነበር ሹፌሩ ደጋግሞ በመስታወቱ አየኝ።

ቤት ገብቼ ስልኬን ሳይ ዋይፋዩ ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት ግን የለም ይላል። ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ። ዳንኤል ነው፤ ሸሚዙ እንደተተኮሰ።

"ሠናይት፣ ሰላም ነሽ? ስልክሽ ላይ የነካካሽው ነገር አለ እንዴ?"

"ምን ዓይነት ነገር?"

"ከትናንት ጀምሮ ጠፋብኝ።"

ቃሉን ልብ በሉልኝ። ጠፋብኝ! በግ የጠፋችበት ሰው ነው የሚመስለው።

"የኔ ስልክ አንተ ዘንድ ምን ሲሠራ ነው የጠፋብህ?" አልኩት።

"አትቆጪ እህቴ። ግቢውን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ተጠያቂም ነኝ። የተደበቅሽበትን መንገድ ራውተሩ ላይ ዘግቼዋለሁ። ያደረግሽውን ካላጠፋሽ ዋይፋዩ አይሠራልሽም።"

"እሺ፣ አይሥራ።"

"ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?" አለኝ፣ ራሱን በሐዘኔታ እየነቀነቀ።

"አንተ ሽንት ቤት ስትገባ በሩን የምትዘጋው ኃጢአት ልትሠራ ነው?"

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ተነቀለ። "ስለ አንቺ ስጸልይ ነው የሰነበትኩት" አለ። "ለማንኛውም የሚመለከታቸው ሰዎች ነገ ይመጣሉ።" ይህን ብሎ ዞሮ ሄደ።

ለታምራት ደወልኩ። "እማዬ አብራኝ ትመጣለች፤ ሽማግሌዎችም አሉ" አለኝ። "ለምን?" አልኩት። "ዳንኤል ደውሎላት ነበር። ስመጣ እንነጋገራለን" ብሎ ዘጋው። ባሌ ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። አማቴ፣ ታምራት፣ እና ሁለት የካምባ ሽማግሌዎች። አንደኛው ጋሽ ማዳልቾ የሚባሉ፣ በሠርጋችን ታምራትንና እኔን የመረቁን ሰው ናቸው። እጃቸው ላይ ለምለም ሣር ይዘዋል። ሣሩን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ የእናቴ ልጅ ነኝና።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። በጋሞ የተከለከለን መጣስ ጎሜ ይባላል። ጎሜ ያለበት ቤት ይታመማል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ልጅ አይቆምም። መድኃኒቱ መናገር ነው፤ የቤቱ ሰው በሽማግሌ ፊት ተቀምጦ የሠራውን ያወጣል፣ ሲወጣ በለምለም ሣር ይመረቃል፣ ነገሩም ይዘጋል። አማቴ በየእሑዱ ቸርች ትሄዳለች፤ ጎሜን ግን ከልቧ አላወጣችውም። ይህን አልፈርድባትም። ያበሸቀኝ ሌላው ነው። ጎሜ የሰይጣን ነገር ነው እያለ የሚሰብከው ወንድም ዳንኤል ራሱ ወንበሮቹን ማንጎው ሥር እየደረደረ ነበር።

ተቀመጥን። ጋሽ ማዳልቾ በጋሞኛ ባርከው ሲያበቁ ወደ አማርኛ መለሱት፤ ለዳንኤል ሲሉ መሰለኝ። "በዚህ ቤት ልጅ አልቆም አለ። የሠራ ካለ ያውጣ፤ እኛ ልንፈርድ አልመጣንም፣ ልናጥብ ነው" አሉ።

አማቴ ተነሳች። ስትናደድ አማርኛዋ ወንድና ሴት ይቀላቀልባታል። "ዳንኤል ሁሉን ነገረኝ። አንቺ ልጅ አልፈልግም ብሎ አስወጣ! ሁለቱንም! የኔ ልጅ እዚያ ፀሐይ ላይ ይሠራል፣ አንቺ እዚህ ስልክ ከፍቶ መድኃኒት ይፈልጋል!"

ታምራትን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

"ዳንኤል፣ ምንድነው ያየኸው?" አልኩት።

"እኔ ለቤተሰቡ አስቤ ነው..."

"ምን አየህ?"

"ያንን የሴቶች ክሊኒክ። ሆድሽ ውስጥ ልጅ በነበረበት ጊዜ ደጋግመሽ ከፍተሽዋል። ፅንስ የሚያስቋርጡበት መሆኑን አጣርቻለሁ፤ ለዚህ ነው የዘጋሁት። ስዘጋው ደግሞ ተደበቅሽ።"

"እዚያ ገብቼ ምን አነበብኩ?"

"እሱን አያሳይም።"

"ልጄን ላድን ፈልጌ ይሁን ልገድል ፈልጌ፣ ያሳያል?"

"ስሙን ነው የሚያሳየው።" ትከሻውን ነቀነቀ። "ስሙ በቂ ነው።"

ስሙ በቂ ነው! ሆስፒታል ስትገቡ ያየ ሁሉ ሞታችኋል ብሎ ድንኳን ይትከል እንግዲህ። ያን ጊዜ ነው ውስጤ የነበረው ፍርሃት ድንገት ያለቀው። ወደ ጋሽ ማዳልቾ ዞርኩ።

"አባቴ፣ ጎሜ ሲወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው?"

"የለም ልጄ። ቤት ያለ ሁሉ ያወጣል። ደንቡ እንዲያ ነው።"

"ዳንኤልስ? ከቤቱ ይቆጠራል?"

ሽማግሌው አሰቡ። "ግቢው የሱ ነው። ነገሩንም ያመጣው እሱ ነው። ይቆጠራል።"

"እንግዲያው ራውተሩ የኔን ብቻ አይጽፍም። የሱንም ስልክ ይጽፋል። የኔን እንዳነበበላችሁ፣ ዛሬ እዚሁ ተቀምጦ የራሱን ያንብብልን። እሱ ሲጨርስ እኔ እናገራለሁ።"

ሁሉም ወደ ዳንኤል ዞሩ። እጁ ሳያስበው ኪሱ ላይ ሄደ፤ ስልኩን በጨርቁ ላይ ጨብጦ ያዘው። ጆሮው ቀላ። "ይሄማ አግባብ አይደለም" አለ። "ይሄ እኮ የግል ነገር ነው።"

የግል ነገር ነው! አንባቢዎቼ፣ ያንን ቃል ከዚያ አፍ መስማት ነበረባችሁ። ሊያወጣው የሚያሳፍር ነገር ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። እሱ ግን ቃሉን ያውቀው ነበር። ለራሱ ሲሆን ያውቀዋል።

ጋሽ ማዳልቾ ሣሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "እሱ ካላወጣ እሷን ማስገደድ የለም" አሉ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሳቅ በጨረስኩት ነበር። አማቴ ግን ጉልበቷ ላይ ወደቀች። እያለቀሰች "ልጄ ዘር የለውም! አንዲት ቃል ብቻ! ገደለ አልገደለም?" አለች። ያኔ ታምራት፣ ባሌ፣ ቀና ሳይል እንዲህ አለ፦

"ሠኒ... ያለውን ንገሪያቸውና ነገሩ ይለቅ።"

ከዳንኤል ይልቅ ይህ ነው የገደለኝ። "ያለውን" አለ። እንዳለ አምኗል ማለት ነው፤ ወይም ግማሽ ልቡ አምኗል። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ምስሉን አወጣሁና ለእሱ ሳይሆን ለሽማግሌው ሰጠሁት።

"ነፍሰ ጡር ነኝ" አልኩ። "ረቡዕ ደም ፈሰሰኝ፤ እንዳይሞትብኝ ምን ላድርግ ብዬ ነው ያንን ገጽ የከፈትኩት። ያኔም ሁለቱ ሲሞቱብኝ ይህንኑ ነው የጠየቅሁት። ትናንት ልቡ ሲመታ ሰማሁ። ያለው ይኸው ነው።"

ከዚያ አማቴ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ይመርቁ ጀመር። "ወጣ! ወጣ!" ይላሉ፤ ሣሩን ራሴ ላይ ያደርጋሉ። ጎረቤቶች ከየበራቸው ብቅ ብቅ አሉ። ታምራት ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ከሽማግሌ ወደ አማቴ፣ ከአማቴ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ዳንኤል። ዳንኤልም ወደ ብርሃን ዘርግቶ አየው። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔም ስጸልይ ነበር" አለ። ባሌ ሳያየው የልጄን ምስል አከራዬ አየው።

ነጠቅሁት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ መምህር ነኝ።

በዚያው ወር ለቅቀን ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ ወጣን። ከታምራት ጋር ብዙ ተጣላን፣ ብዙ ተወቃቀስን፤ ታረቅንም። እናቱ ፊት አፍ ማውጣት ተምሯል፤ ዘግይቶም ቢሆን። ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ጤነኛ ናት፤ ስትቆጣ እኔን ትመስላለች። አማቴ ላገኘችው ሁሉ የምትነግረው "ምራቴ ጎሜዋን አወጣች፣ ልጅ ቆመ" እያለች ነው። ዳንኤልም ቸርች ላይ ቆሞ፣ በጸሎቱና በጥበቃው የአንድ ቤት ማሕፀን እንደ ተከፈተ መሰከረ አሉ። እኔ የሠራሁት ጥፋት አልነበረም፤ ያወጣሁትም ጎሜ አልነበረም። የወጣው የኔ ብቻ የነበረው ነገር ነው። ይህን ግን ማን ይሰማኛል? ልጅ ቆሟላ!

እናንተ ስሙኝ። የግቢያችሁ፣ የሆቴላችሁ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ዋይፋይ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። ስልክ የሚያውቅ ሰው ካለ አጠገባችሁ፣ ያቺን የዲኤንኤስ ቦታ አሳየን በሉት። ሁሉን አትሸፍንም፤ ሰሚራ እንዳለችኝ የሚሰማችሁን ትቀይራለች እንጂ ጆሮን ከዓለም ላይ አታጠፋም። ለልጆች ብሎ መጥፎ ገጽ መዝጋትም ወንጀል ነው አላልኩም፤ ነግሮ፣ አስፈቅዶ፣ ልጅ ላለበት ቤት ይዝጋ። ስትጠይቁ "ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?" የሚላችሁ ግን ይመጣል። እኔ ንጹሕ ነበርኩ። የምደብቀውም ነበረኝ። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

በቀደም ታምራት ልጃችንን ደረቱ ላይ አስተኝቶ "ያኔ ለኔ እንዴት ልትነግሪኝ ነበር ያሰብሽው?" አለኝ። ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው አይደለም። ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ቃሉንም አንድ ሳይጎድል አስታውሰዋለሁ። አልነገርኩትም። ለእናንተም አልነግራችሁም።